ሳትነኪያት የወደቀችው ኳስ

ውድ ወንጌ፣

«ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር እስክሪብቶ አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። ናፍቆቱስ እውነት ነው። ደህና መሆኔን ነው ያላወቅሁት። ዛሬ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ የኪራይ ቤታችን ገብቼ አልጋችን ላይ ተቀምጫለሁ። ሜዳሊያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ባየሁት ቁጥር ደስታም ንዴትም እኩል ይመጡብኛል፤ የቱን ተቀብዬ የቱን እንደምመልስ ግራ ገብቶኛል።

ጠዋት ደውዬልሽ ነበር። አክስትሽ እትዬ አሰገደች አነሱትና «ሻይ እያደለች ናት፣ ምን ልበልልሽ?» አሉኝ። ምን ይበሉልኝ? «ትናንት በመጨረሻዋ ኳስ ላይ ምን ሁነሽ ነው በሉልኝ» ልበላቸው? «ሰላም በሉልኝ» ብዬ ዘጋሁት። በቴሌግራም ብጠይቅሽ ደግሞ አንድ የምትስቅ ፊት ልከሽ ታመልጪኛለሽ፤ አውቅሽ የለ! ስለዚህ በወረቀት መጣሁብሽ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ትናንት በዞኑ የትምህርት ቤቶች ፍጻሜ፣ እኔ ከመረቡ ወዲህ አንቺ ከመረቡ ወዲያ ቆመን፣ ያቺን የመጨረሻ ኳስ አውቀሽ ነው የተውሻት?

ቶሎ አትመልሺ። ለምን እንደምጠይቅሽ ለራሴም እንዲገባኝ ከሥሩ ልጀምር። የምታውቂውን ስደግም እንዳትስቂብኝ።

ከሉማሜ ተነስተን ደብረ ማርቆስ ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ እኔ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበርኩ ታስታውሻለሽ? መምህር ስሜን ሲጠራ «አቤት» የምለው ለራሴ ነበር። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቀሪ ተብዬ የተመዘገብኩ ተማሪ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አንቺ ደግሞ በሳምንትሽ የጥበቃውን ስም እንኳ አውቀሽ ነበር። የመረብ ኳስ ክበብ ያስገባሽኝም በውሸት ነው። «ክበብ ያልመረጠ ካርድ አይሰጠውም» አልሽኝ። እኔም አመንኩሽ፤ ካርዴን ፈርቼ ተመዘገብኩ። ውሸት መሆኑን ስሰማ ዓመቱ አልቆ ነበር፤ ያኔ ደግሞ መውጣቱን ራሱ አልፈለግሁም።

የመጀመሪያውን ጨዋታዬን እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል። ኳሷ በኔና በሃኒ መሐል መጣች። ሃኒ በክፍል ትበልጠናለች፣ የከተማ ልጅ ናት፣ በዚያ ላይ ቁመቷ። እኔ ምን አደረግሁ? እጄን ደረቴ ላይ ሰብስቤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩና አሳለፍኳት። በር ላይ ታላቅ ሲያጋጥመን እንደምናደርገው። ሃኒም አልጨከነችም፤ «ኧረ አንቺ!» ብላ ቆመች። ኳሷ መሐላችን ዱብ አለች። ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ቲቸር ዓለምነው ከዳር ሆነው፣ «እየሩስ! ይቺ ኳስ ቄስ አይደለችም፤ መንገድ አይለቀቅላትም!» ብለው ሲጮኹ ይባስ ብሎ አንቺ መሬት ላይ ተቀምጠሽ ሳቅሽ።

ከዚያ በኋላ ነው «የኔ!» ማለት እንዳለብኝ የነገሩኝ። ኳሷን የምትወስደው ትጩህ፣ ሌላዋ ትልቀቅላት። ሕጉ ይኸው ነው፤ ቀላል። ለኔ ግን ቀላል አልነበረም። እኛ ቤት ገበታ ላይ «የኔ» ያለ ልጅ ጭኑን ይቆነጠጣል። እጅሽን ቀድመሽ አትዘረጊም፤ ሌላው እስኪጠግብ ታያለሽ። ያንን ሁሉ ዓመት ተምሬ መጥቼ፣ ሰው በተሰበሰበበት «የኔ!» ብለሽ ጩኺ ሲሉኝ ከአንደበቴ አልወጣ አለ። አንቺም እኮ ያው ከኛው ሰፈር ነሽ። አንቺን ማን እንዳስተማረሽ ጠይቄሽ አላውቅም።

ማታ ማታ ግቢያችን ውስጥ ኳሷን ወደ ላይ እየወረወርሽ ታስጮኺኝ ነበር። አከራያችን እትዬ አመተ ሥላሴ ከጓዳቸው ብቅ ብለው፣ «እናንተ ልጆች፣ ግድግዳዬን ልታፈርሱት ነው እንዴ? ጭቃ እኮ ነው!» ይላሉ።

«እትዬ፣ እየሩስን ድምፅ እያስለመድኋት ነው» አልሻቸው።

«እሷ ልጅ ድምፅ አላት? እኔስ ዲዳ መስላኝ ስታሳዝነኝ ከረመች!»

ግቢ ውስጥ ጮኽኩ፤ ሜዳ ላይ ግን ኳሷን እንደ ድሮዬ አሳልፋለሁ። ከይጁቤ ልጆች ጋር ስንጫወት ነው ነገሩ የተለወጠው። ኳሷ ወደ እኛ መጣች፤ ላንቺ ትቀርብ ነበር፤ አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የሚቀርሽ። አንቺ ግን ወደ ኋላ ተመለስሽ። እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ሰማይ ሰማይ ታያለሽ። ኳሷ ወደቀች። ሃኒ ልትበላሽ ደረሰች።

«ምን ሁነሽ ነው? አጠገብሽ አልነበረችም እንዴ?»

«ትውደቅ» አልሻት። «የእየሩስ ነበረች።»

በኔ ምክንያት ነጥብ አጣን፤ ሁሉም እኔን ያያሉ። አፈርኩ፣ ተናደድኩብሽ። የሚቀጥለው ኳስ ገና ከመረቡ ሳያልፍ «የኔ!» አልኩ። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኳሷን መመለሴንም የነገሩኝ ልጆቹ ናቸው፤ እኔ ያየሁት አንቺ ስትስቂ ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት አንድ ነገር ከውስጤ ተፈታ። ስንቃችንን በተራ ማምጣት የጀመርነው ከዚያ በኋላ አይደል? ልምምዳችን ቅዳሜ ሆኖ፣ እኛ የገጠሮቹ ደግሞ ቅዳሜን ለሳምንት ስንቅ ወደየቤታችን እየሄድን፣ ሜዳው ላይ የከተማ ልጆች ብቻ ሲቀሩ ቡድኑ ሊፈርስ ነበር። ቲቸር ዓለምነው ተስፋ ቆርጠው ነበር። እኔ ነኝ ተነስቼ፣ «አባቶቻችን አጨዳ ሲደርስ ተራ በተራ እየተጋገዙ ወንፈል ይገቡ የለ፣ እኛስ ስንቁን ለምን ወንፈል አንገባም? በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሆነን እየሄድን ለሁሉም እናምጣ» ያልኩት። በሁሉም ፊት፣ ቆሜ። ሃኒ ስንቅ የማያሻት ልጅ «እኔም ተራ ይድረሰኝ» ብላ እኛ ሰፈር ድረስ መጥታ፣ ጭቃው ውስጥ ጫማዋ ቀርቶ፣ የስንቁን ማዳበሪያ ተሸክማ በአንድ እግር ጫማ መመለሷን እናቴ አሁንም እያነሳች ትስቃለች። አይታቸው ለማታውቃቸው ልጆች እንጀራ ስትቆጥብ ከረመች፤ «የኳስ ልጆቼ» ትላችኋለች።

ከዚያ እትዬ አሰገደች ከመኪና ሲወርዱ እግራቸው ተሰበረ፤ ሻይ ቤቱን የሚይዝ ጠፋ፤ አንቺም ዘንድሮ ዓመቱ ሳይጋመስ ትምህርትሽን ወደ ጉንደ ወይን አዛውረሽ ሄድሽ። እኔንም ቲቸር ዓለምነው አንቺ ቦታ ላይ አቆሙኝ፤ ለመቺዎቹ ኳስ የማቀብል እኔ ሆንኩ። መጀመሪያ ሰሞን ኳስ በመጣ ቁጥር ዞር ብዬ አንቺን እፈልግ ነበር። ኋላ ተውኩት። መቼ እንደተውኩት ግን አላውቅም።

ትናንት ከጉንደ ወይን ልጆች ጋር ሆነሽ ሜዳው ላይ ስትገቢ ከእግር እስከ ራስሽ አየሁሽ። ማልያሽ ሌላ፣ ቡድንሽ ሌላ፣ ሳቅሽ ያው። አጠገብሽ ደግሞ ያቺ ማልያው ጉልበቷ ድረስ የደረሰ ትንሽ ልጅ ነበረች። ማሬ ስትያት ሰማሁ። ጨዋታው ሙሉ «ማሬ! ማሬ!» ነበር። ልጅቷ ግን አንዴም አፏን አልከፈተችም፤ ኳስ በመጣ ቁጥር አንቺን ታያለች።

መጨረሻው ላይ እኛ በአንድ ነጥብ መርተን ነበር፤ ለማሸነፍ አንዲት ነጥብ ቀርታናለች። ኳሷ እጄ ገባች። ሃኒ «ስጪኝ!» እያለች ዘላለች፤ እኔ ግን በእናንተ በኩል ክፍተቱን አየሁ፤ አንቺና ማሬ መሐል። አንቺው እንዳስተማርሽኝ በጣቴ ጫፍ ቀስ አድርጌ አሻገርኳት። ቀሽም ኳስ ነበረች፣ ወንጌ። እንዲህ ያለችውን ዓይንሽን ጨፍነሽ ስታነሺ አይቻለሁ። ጉልበትሽ ሲታጠፍ አየሁ፤ ልታነሻት ነው አልኩ። ከዚያ ቀና አልሽ። ወደ ኋላም አንድ እርምጃ ተመለስሽ። ማሬ አንቺን አየች፤ አንቺ አላየሻትም። ኳሷ ወደቀች፣ ፊሽካው ተነፋ።

ልጆቹ ላዬ ላይ ተከመሩብኝ። በእጆቻቸው መሐል አሻግሬ አየሁሽ፤ ቁጢጥ ብለሽ ለማሬ በጆሮዋ አንድ ነገር ትነግሪያታለሽ፤ እሷ ፊቷን በማልያዋ ትጠርጋለች። ኋላ በመረቡ ሥር መጥተሽ አንገቴን አቅፈሽ «ጎበዝ፣ እየሩስ» አልሽኝ። መኪናችሁ ጥሩምባ እየነፋ ነበር። ልጠይቅሽ አፌን ስከፍት ሄድሽ።

አሁን የዞኑን ቡድን መርጠው ባሕር ዳር ለክልሉ ውድድር ሊወስዱ ነው። ከአቀባዮች የሚፈልጉት አንድ ልጅ ነው፤ ካንቺና ከኔ እኔን መረጡ። ቲቸር ዓለምነው ትናንት ማታ ጠርተው «ስምሽን ላስገባ?» ሲሉኝ በደስታ መዝለል ሲገባኝ ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ።

«ምነው?» አሉኝ።

«ቲቸር፣ ወንጌላዊት ያቺን ኳስ አውቃ የተወቻት መሰለኝ።»

«አውቃ ብትተዋትስ፣ እስከዚያች ኳስ ድረስ ያደረሰሽ ማን ነው?» አሉኝ።

ሊያጽናኑኝ ነበር። እስከዚያች ኳስ ያደረሰችኝም እሷው ናት ልላቸው አስቤ ዋጥኩት። «እስከ ሰኞ ጠዋት ንገሪኝ» ብለው ሸኙኝ።

ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ አትጠይቂኝ። አንዴ እንዲህ እላለሁ፤ አክስትሽ ገና በምርኩዝ ናቸው፣ ብትመረጪም ሻይ ቤቱን ጥለሽ ባሕር ዳር መሄድ አትችይም፣ ስለዚህ «እኔ ካልሄድኩ እየሩስ ትሂድ» ብለሽ ተውሽልኝ። እንዲያ ከሆነ ንዴቴን አልችለውም። የለቀቅሽልኝን ቦታ ይዤ፣ በማላውቃቸው ልጆች መሐል ምን ብዬ እቆማለሁ? በራሴ ያገኘሁት አንድ ነገር ቢኖር ይኼ ነው ብዬ ነበር።

ቆይቼ ደግሞ ይጁቤን አስባለሁ። ያኔም እንዲሁ ነበር ወደ ኋላ የተመለስሽው። ለኔ ያደረግሽውን ለማሬ እያደረግሽላት ነው፤ እንድትጮኽ፣ ኳሷን እንድትጠራት። በፍጻሜ ላይ፣ ዋንጫው ሊያመልጣችሁ ሲል! ካንቺ በቀር ይህን የሚያደርግ የለም። እንዲህ ከሆነ ድሌ ንጹሕ ነው፣ ማንም ምንም አልሰጠኝም፣ ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? አላለኝም። እንደ እሳት አቃጠለኝ። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም፤ ጎኔን እያገላበጥኩ አደርኩ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ነው የገባኝ፤ እዚያ ቦታ ላይ መሆኑ ደግሞ አሳፈረኝ። ቀንቼ ነው፣ ወንጌ። ፊቷን በማልያዋ በምትጠርግ ሕፃን ላይ ቀናሁ። ያንን ነገር በዓለም ላይ ለኔ ብቻ ያደረግሽው ይመስለኝ ነበር።

ሰው ዝም ከማለት ወጥቶ መናገር ሲጀምር አደገ ይባላል። ቲቸር ዓለምነውም በሰልፍ ላይ «እየሩስን እዩ» ብለው ተማሪውን ሁሉ አስጨብጭበውልኛል። ያላደገችዋን እየሩስን ግን እኔ አየኋት፤ የተማረችውን ሌላ ሰው እንዳይማረው የምትመኝ።

ነገ ጠዋት ለቲቸር ዓለምነው «እሄዳለሁ» እላቸዋለሁ። ግራ መጋባቱ ስለለቀቀኝ አይደለም። ብቀር ቦታው ወዳንቺ እንደማይመጣ ስለማውቅ ነው፤ ደግሞም መሄድ እፈልጋለሁ። ይህን ጽፌ ራሴ ደነገጥኩ፤ እፈልጋለሁ።

አንቺ ግን እውነቱን ጻፊልኝ። ለኔ ብለሽ ትተሻት ከሆነ ሁለተኛ እንዳታደርጊው፤ ክፉኛ ተቀይሜሻለሁ። ለማሬ ብለሽ ከሆነ ደግሞ ደግ አድርገሻል፤ እኔ እንዴት እንደምችለው ግን እንጃ። የቱ ቢሆን እንደሚሻለኝ ለማወቅ ብዙ ሞከርኩ። አንዱን መርጬ ሳልጨርስ ሌላው ይሻለኛል።

እትዬ አሰገደችን እግዜር ይማርልኝ፤ እግራቸውን ያጽናላቸው። እትዬ አመተ ሥላሴ «ያቺ ግድግዳ አፍራሽ ደህና ናት?» ይሉሻል። ሃኒና ልጆቹ ሁሉ ናፍቀውሻል።

ማሬን ሳሚልኝ ልል ነበር። ገና አልቻልኩም።

ቦታሽ ላይ የቆመችው፣
እየሩስ