ጣለች እንጂ አልጠፋችም

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

«ሃው ዋዝ ዩር ዊክኤንድ?» ዛሬም እሱኑ። ቅዳሜና እሑድ እንዴት ነበር ማለት ነው። አሥራ ሁለት ተማሪ ተራ በተራ ይመልሳል። ኢት ዋዝ ናይስ። ኢት ዋዝ ግሬት። የእኔ ናይስ አልነበረም፤ ጉንፋን ይዞኝ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልዬ ነው የዋልኩት። ግን ጉንፋንን በእንግሊዝኛ አላውቀውም። ናይስ ነበር አልኩ። ሦስት ሳምንት ተምሬ የቻልኩት መዋሸት ነው።

አስተማሪዋ ቤዛዊት ትባላለች። በዕድሜ ልጄ ናት። ማስቲካ ታኝካለች። የዕለት ውሏችሁን በየቀኑ አንድ ገጽ በእንግ. ጻፉ ብላ ይህን ደብተር አስገዛችን። እንግዲህ ደብተር፣ ከአሁኑ እንተዋወቅ። በእንግሊዝኛ አልጽፍብህም። ከፈለገች ዜሮ ትስጠኝ።

ማን ላከሽ ካልከኝ ቁጭት ነው የላከኝ። መ/ቤቴ የበግ ጤና ፕሮጀክት ነው፤ ደ/ብርሃን ዳር ላይ፣ ሁለት ቢሮና አንድ ትልቅ ጋጥ። በጎቹን እይዛለሁ፣ የትል መድኃኒት አጠጣለሁ፣ የሆኑትን ሁሉ እመዘግባለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት። ዶ/ር ምንተስኖት ውጭ ተምሮ መጥቶ አለቃ ከሆነ ሁለት ዓመቱ። መስከረም ላይ በስብሰባ መሀል፣ ኅዳር ላይ የውጭ እንግዶች ይመጣሉ፣ አስኩ ግን እንዳትቸገር፣ ሁሉም በእንግ. ስለሆነ ይሰለቻታል፣ ሻዩን ታስተባብርልን አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሚያንገበግበኝ የራሴ ሳቅ ነው። በማግሥቱ መናኸሪያው ጀርባ ካለው ት/ቤት ተመዘገብኩ።

ስሜ አስካለ ነው። አስኩ ያለኝ እናቴ ብቻ ነበረች።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ውርጭ። የበጎቹ ገንዳ ላይ ስስ በረዶ። ጣቶቼ እስክሪብቶ አይታዘዙም፤ እንደ ምንም ጻፍኩ።

ማታ የአካዳሚክ ቃላት። ፋይንዲንግ፣ የተገኘ ውጤት። ኤቪደንስ፣ ማስረጃ። አኮርዲንግ ቱ ማይ ዳታ፣ መረጃዬ እንደሚለው። «ማይ ዳታ» ላይ ስደርስ ፊቴ ጋለ። ዶ/ሩ ስልክ ላይ ሁልጊዜ የሚላት ቃል ናት። ማይ ማለት የእኔ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቤ ስታልፍ ሰላም ስላት የኖርኳት ቃል! የማን መረጃ? በርግጫ የተላጠው የማን ቅልጥም ነው? እሱ ጋጥ የሚገባው ፎቶ ሲነሳ ነው።

ትምህርት ዓይን ይከፍታል ይላሉ። የተከፈተ ዓይን ምን እንደሚያይ አይናገሩም።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

የዛሬው ትምህርት፦ በጨዋ ደንብ ሰውን ማቋረጥና አለመስማማት። ሶሪ ቱ ኢንተራፕት። ይህቺን ወደድኳት፤ እኛ ንግግርዎን በማር ልቁረጠውና እንደምንለው ናት፣ ማሩ ቀርቶባት። ቀጥሎ አይ ሲ ዩር ፖይንት፣ በት። ነጥብህ ይታየኛል፣ ግን። ካልታየኝስ? ቢሆንም ይታየኛል በዪ አለች ቤዛ.። ፈረንጅ ከመምታቱ በፊት ትራስ ያነጥፋል።

አክቹዋሊ የምትባልም አለች። በእውነቱ ማለት ናት። ዶ/ሩ የሚዋሽበት ሰዓት አሁን ታወቀኝ።

ከአጠገቤ የምትቀመጠው የባንክ ሠራተኛ አነጋገሬ እንደሚያስቃት በጆሮዬ ነገረችኝ። ለእሷ ትራስ አላነጠፍኩም።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

አባባ ከአንኮበር ደወለ። ቄስ ነውና የመጀመሪያ ጥያቄው ቤተ ክርስቲያን ሳምሽ ወይ ነው፤ ሁለተኛው እግርሽ እንዴት ነው። እንግ. እየተማርኩ ነው አልኩት። ቀጥሎ ዳዊትን ስትደግሚ ትርጉሙ መች ይገባሽ ነበር፣ አፍሽን አስለምጂው፣ ልብሽ ሲደርስ ይደርሳል አለኝ። ትንሽ ቀለል አለኝ።

ከሰዓት ዶ/ሩ፣ አስኩ ኢንግሊሽ እየተማረች ነው አሉ፣ እስቲ አንድ ነገር በዪን አለ። በሰው ፊት። ለመድረክ እንደሚቀርብ ሕፃን። በጎቹ ውኃ አልጠጡም ብዬ ወጣሁ። ጠጥተዋል።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፉ ቢበላሽ አትፍረድብኝ።

ለእንግዶቹ የተዘጋጀውን ሪፖርት ፎቶ ኮፒ አድርጊ ተብዬ ተላክሁ። ማሽኑ እስኪሞቅ አነበብኩ፤ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቃል በቃል። የጆሮ ቁጥሮቹን አውቃቸዋለሁ፣ የእኔ በጎች ናቸው። ባለፈው ዓመት ሊወልዱ ወር ሲቀራቸው አዲሱን የትል መድኃኒት ካጠጣናቸው መሀል ግልገል የጣሉት አሥራ አንዱ ተደርድረዋል። በእያንዳንዷ አንጻር «ሎስት» ይላል። መዝገበ ቃላት አየሁ። ሎስት፦ የጠፋ።

ጠፋች? ማን ጠፋች? አንዷም አልጠፋችም። እኔ «ጣ.» ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ጣለች፣ ጨነገፈች ለማለት። ዶ/ሩ «ጠ.» ብሎ አነበበው፣ ጠፋች። ስለጠፉ ከሒሳቡ አወጣቸው። ከዚያ በታች በደማቅ ቀለም፦ መድኃኒቱ ላረገዙ በጎች በማንኛውም ጊዜ ሴፍ ነው። አደጋ የለውም። በዚያው ገጽ ግርጌ፦ ኅዳር 5 በመዘዞ ለገበሬዎች ይታደላል። የመዘዞ በግ ታኅሣሥ ላይ ነው የሚወልደው!

ገብቼ ነገርኩት። በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ፣ እርስዎ እያልኩ። ከኮምፒውተሩ ቀና አላለም። ሪፖርቱ ተልኳል አለ። አሥራ አንድ በግ ውጤት አይለውጥም፣ በብርድም ትጥላለች፣ በርግጫም ትጥላለች አለ። ቀጥሎም፦

«አስኩዬ፣ ሲጀመር በደንብ ብትጽፊው ኖሮ ይህ ሁሉ ይመጣ ነበር?»

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

የድሮውን መዝገብ አውጥቼ በፀሐይ አየሁት። እውነት ለመናገር፣ የጣ እግር አጭር ነው። አራቱ ላይ ጨርሶ የለም። ብርድ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር።

ግን ዶ/ሩ ሊጠይቀኝ የሚገባ አንድ ጥያቄ ነበረች። አስካለ፣ ይህቺ ምንድን ናት? ቢሮውና ጋጡ መሀል ያለው ሠላሳ እርምጃ ነው። አልጠየቀኝም። ለእግሩ ማጠር ንስሐ እገባለሁ። ለሠላሳው እርምጃ አልገባም።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ትምህርት ሲያልቅ ቀረሁ። ለቤዛ. ሁሉንም ነገርኳት። ማስቲካዋን በወረቀት ጠቅልላ ጣለች። በአማርኛ ምን ማለት ነው የሚፈልጉት አለችኝ። በጎቹ አልጠፉም፣ የጠፋው ግልገሉ ነው፣ ሊወልዱ ወር የቀራቸውን ለዩአቸው፣ ሌላውን አጠጡ አልኳት። ቆንጆ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጻፈችልኝ፤ ዊዝ ኦል ዲው ሪስፔክት ብሎ የሚጀምር፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር። ሰባት ጊዜ ሞክሬ ሰባት ጊዜ ምላሴ ተሳሰረ። ወረቀቱን ቀደድኩት። ይህን ጉድ ለባንክ ሠራተኛዋ አስተምሪ አልኳት። ሌላ ያልኩትም አለ፣ አልጽፈውም።

አልተቆጣችም። ሌላ ወረቀት አወጣች። እንግዲያው አክብሮቱን እንተወው እትዬ አስካለ፣ አጭር አጭሩን እንያዝ አለች። እስኪመሽ አብራኝ ቆየች። ልጅቷን ልጠላት አልቻልኩም፤ ይህም አናደደኝ።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

መጡ። ሦስት ናቸው፤ ዋናዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴትዮ። ሻዩን አቀረብኩ። ትሪውን አስቀመጥኩና አልወጣሁም። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዶ/ሩ በዓይኑ በሩን አሳየኝ። አላየሁም።

ከሚናገረው ግማሹ ገባኝ። ማይ ፋይንዲንግስ። ማይ ዳታ። አክቹዋሊ። በደማቅ የተጻፈው ገጽ ሲመጣ ተነሣሁ። ሶሪ ቱ ኢንተራፕት አልኩ። እስከዚህ ደህና። ከዚያ ጠፋብኝ። ሁሉም፣ አጭር አጭሩም። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። በአማርኛ ተናገርኩት፤ እነዚያ በጎች አልጠፉም፣ ጥለው ነው፣ መድኃኒቱን በመጨረሻው ወር እንዳትሰጡ አልኩ። ሴትዮዋ ምን አለች ብላ ወደ ዶ/ሩ ዞረች። ፈገግ አለ።

«ሺ ሴይስ ሺ ኢዝ ቬሪ ሃፒ ቱ ቢ ሂር።»

እዚህ በመገኘቴ በጣም ደስ ብሎኛል አለች። እንዲህ ነው ያላት።

ገባኝ። እያንዳንዱ ቃል፣ ሳልተረጉመው። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን እኔም ፈገግ ብዬ እቀመጥ ነበር። ስንቴ ተቀምጬ ይሆን? ስንቴ ደስ ብሏታል ተብሎልኝ ይሆን? ከዚያ ንዴቱ ምላሴን ፈታው።

«ኖ። አይ ዲድ ኖት ሴይ ዛት።» አላልኩም፣ አልኩ። «ዘ ሺፕ ኢዝ ኖት ሎስት። ዘ ቤቢ ኢዝ ሎስት። ዘ ሜድስን።»

ሰዋስውን እግዜር ይወቀው። ሴትዮዋ መነጽሯን አደረገች። ዊች ሺፕ፣ የትኛዋ በግ አለችኝ፣ ለእኔ፣ ቀስ ብላ። መዝገቤን ከፍቼ በጣቴ አሳየኋት። የጆሮ ቁጥሩን ከሪፖርቱ ጋር አስተያየች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ብዙ ጻፈች። ዶ/ሩ የሻይ ሰዓት ነው አለ። ሻዩ ተጠጥቶ ነበር።

ደስታ የለኝም። ሰዎች ደስ ይላል የሚሉት ነገር ይህ ከሆነ አልፈልገውም።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

እንግዶቹ ጠዋት ሄዱ። ሴትዮዋ ጉዳዩ ይጣራ ብላለች አሉ። መቼ? በሚቀጥለው ሪፖርት።

ዶ/ሩ ጠራኝ። ዛሬ አስኩ የለም፤ ወ/ሮ አስካለ ሆንኩ። መ/ቤቱን አዋርደሻል። ከነገ ጀምሮ መጋዘን ነሽ። መዝገቦቹን ሁሉ እስከ ዓርብ አስረክቢ። የመዘዞስ እደላ አልኩ። መኪናው ተጭኗል አለ፤ እደላው ከቀረ በትሉ የሚያልቀው በግ ይበልጣል፣ እሱን ነፍስሽ ትችለዋለች? ይህ ሐሰት አይደለም። ትሉ ይገድላል። እኔ መች ይቅር አልኩ? የከበዱትን ለዩ ነው ያልኩት። ገበሬ አይለይም አለ።

ገበሬ አይለይም! ጡቷን በመዳፉ ነክቶ ቀኗን የሚነግርህ ሰው አይለይም። አንተ ነህ የማትለየው፤ ጠን ከጣ ያልለየህ። ይህን ግን አላልኩትም፤ በየትኛውም ቋንቋ አልወጣልኝም። በሩን ዘጋሁና ወጣሁ። ቀስ ብዬ አልዘጋሁትም።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

መጋዘን። ጆንያ ስቆጥር ዋልኩ። ማታ ትምህርት ነበር፣ አልሄድኩም።

10 ሰዓት ላይ ለአቶ ሽበሺ ደወልኩ። የመዘዞ በግ አርቢዎች ሊቀ መንበር ነው፤ ብዙ የማይናገር ሽማግሌ። ነገሩን ስጀምር በጎቹን እየነዳ ነበር መሰለኝ፣ ቆይ አለና ድምፁ ራቀ። ተመልሶ ጨርሺ አለኝ። ጨረስኩ። ማን ላከሽ አላለም። ዶክተሩስ ምን ይላል አላለም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ለመውለድ ስንት ቀን ሲቀራት ነው የሚከፋባት? አሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁትን ሥራ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ነገርኩት። ድምፄ ተቆራረጠ፤ ኔትዎርክ ነው ብሎ ይሆናል።

መኪናው ነገ ሦስት ሰዓት ይደርሳል። ከዚያ በፊት ሰዉን ቀበሌው ግቢ እሰበስባለሁ፣ አንቺ ግን ራስሽ መጥተሽ በእጅሽ አሳዪን፣ በስልክ የተወራ አይታመንም አለኝ።

ብሄድ ዶ/ሩ ከሥራ ያስወጣኛል። ባልሄድ ማንም አያውቅብኝም።

መዝገቦቹን በፌስታል ጠቅልያለሁ። አላስረክብም፣ ዓርብም አላስረክብም። የመጀመሪያው የመዘዞ ሚኒባስ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሣል። ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም።