ከሌቦች ጋር የከሰስኩህ ልጄ

ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ መልካም ሰው ያጋጥምህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤም ተሽሎኛል።

ቴክኒሻኗ ጎረቤታችን ኮምፒውተራችንን ከፍታ ጉድ አሳየችኝ። ከዓለም ዳርቻ፣ ቁጥር ብቻ የሆኑ አድራሻዎች የይለፍ ቃላችንን እየገመቱ ሊገቡ ይታገላሉ። «እትዬ፣ ሌቦች ናቸው፤ ኢንተርኔት ለሚሰጧቸው ድርጅቶች እናመልክት» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ ዘጠኙንም አድራሻ በወረቀት ገለበጥኩ፤ አመለከትን። በሦስተኛው ቀን «አንዱን መስመር ዘግተናል» የሚል መልስ መጣ። አጀብ ነው! ከሳሎኔ የጻፍኩት ባሕር ተሻግሮ ሌባ አስቆመ።

«የተዘጋው እኮ እሁድ እሁድ ብቻ ነው የሚሞክረው» ስትለኝ ጎረቤታችን ግን ክው አልኩ። እሁድ እሁድ ከሩቅ በኢንተርኔት ገብተህ ኮምፒውተሩን የምታጸዳልኝ አንተ ነህ፤ የይለፍ ቃሉን ስቀይር ሳልነግርህ ቀረሁ። ለካ ድምፅህ የጠፋው በእኔ ነው!

መስመርህን ለዘጉት «ልጄ ነው» ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። ያንተ መሆኑን እንዳረጋግጥላቸው፣ እባክህ የኮምፒውተርህን አድራሻ ቁጥር በፖስታ ላክልኝ። እኔ የዘጋሁብህን ጨምሮ የተዘጋብህን ሁሉ አምላክ ይክፈትልህ።