በበዓለ ሃምሳ የጾምኩት ጾም

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ከበቡሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እህትሽ ፀሐይነሽስ ተሻላት? እግዚአብሔር ይማርልን። እሷን ከነሕመሟ ጥለሽ አዲስ አበባን ለቀሽ እንዳትመጪ ብዬ የደበቅኩሽ ነገር አለ፤ ዛሬ ልናዘዝ።

ከገና በኋላ አንቺ እንደሄድሽ መዋጥ አስቸገረኝ። ውሃው ትን ይለኛል፣ እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ልጃችን ልዑልና ሚስቱ ሄራን ፊት እያሳልኩ መዋረዱን ስላልወደድኩት አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፤ «ጾም ነኝ» ማለት። ጾም ነኝ ያለ ሽማግሌን ማን ይጠይቃል? ክፍሌን ዘግቼ አጥሚት በማንኪያ እጠጣለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ «ጋሽ ዳኛቸው ዘንድሮ በጾም በረቱ» ይባልልኛል።

ያወቀችብኝ ማን መሰለችሽ? «ጴንጤ ምራት ቤቴ አትገባም» ብዬ ያስለቀስኳት ሄራን! ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ምሳ ስታቀርብልኝ እንደለመድኩት «ጾም ነኝ» አልኳት። ሳህኑን አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አባባ፣ በዓለ ሃምሳ እኮ ነው። ረቡዕም አይጾምም።»

የምገባበት ጠፋኝ። የእኛን ጾም ጾማ የማታውቅ ልጅ፣ ለእኔ የጾም ምግብ ለመሥራት ስትል የቀን መቁጠሪያውን ከእኔ በላይ አጥንታዋለች!

«ውሃ ሲጠጡ ድምፅዎ፣ ውሃው ጉሮሮዎ ላይ እንደቀረ ሁሉ፣ እርጥብ ይሆናል። አረጋውያን የምንጦርበት፣ የምሠራበት ናርሲንግ ሆም እንዲህ ያለ ሰው ካየን ዝም አንልም። ሐኪም ጋ አፖይንትመንት ይዤልዎታለሁ» አለች። ተቆጣሁ። እሷ ግን ጃኬቴን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

ሐኪሙ ምግብ ስውጥ በራጅ አየኝና ስለ እንቅልፌ ይጠይቀኝ ጀመር። «ያንኮራፋሉ?» ሲል ሄራን አላስጨረሰችውም። «ሃቫና ስትሪት ድረስ ይሰማል!» አለችው። ከዚያ በሽቦ ተብትበው አስተኝተው ለኩኝ፤ ለካ በሰዓት ሠላሳ ስምንት ጊዜ ትንፋሼ ይቋረጣል። ለዓመታት ያንኮራፋ ጉሮሮ ከንዝረቱ ብዛት ስሜቱ ሊደነዝዝ፣ ምግብ መድረሱንም ዘግይቶ ሊያውቅ እንደሚችል ሄራን እየተረጎመች አስረዳችኝ። ምግቡ መንገድ ስቶ ሳንባ ከገባ ሊገድለኝ እንደሚችልም አልደበቀችኝም።

አሁን አየር በሚነፋ ማሽን፣ ማስክ ፊቴ ላይ አድርጌ እተኛለሁ። ስውጥ ደግሞ እንዳስተማሩኝ አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ አደርጋለሁ። ሄራን ከሥራ ደክሟት ገብታ እንኳ አጠገቤ ተቀምጣ «ቀስ ብለው አባባ» ትለኛለች። እንደዚህች ያለ ልጅ አላየሁም። ይቅርታ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። የሰኔ ጾም ሲገባማ የሚያምነኝ ጠፍቶ፣ ለንስሐ አባቴ ደውላ አረጋገጠች!

ከበቡሽ፣ ሐኪሙ ቁጥሩን ሲነግረኝ ያሰብኩት አንቺን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎኔን እየነካሽ «አንተ ሰውዬ፣ ዞር በል» ስትይኝ፣ «አስተኚኝ እንጂ!» እያልኩ እጮህብሽ ነበር። ለካ ትንፋሼን ስትጠብቂ ነው የምታድሪው።

አምላክ እህትሽን አድኖ አንቺን በሰላም ይመልስልኝ። ከእንግዲህ ማሽኑ ይጠብቀኛል፤ አንቺ መጥተሽ ተኚ።

ያንቺው
ዳኛቸው