ያለ እኔ የዞረው ቸርኬ

ረቡዕ፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ብስክሌት መጠገኛው ሱቅ ውስጥ ካቴና ዘይት ስቀባ ዋልኩ። መጀመሪያ የሰው ብስክሌት፣ መጨረሻ የራሴ። እጄን ሦስቴ ታጠብኩ፣ አሁንም ግራሶ ይሸታል። ካቆሸሽኩሽ ይቅር በይኝ፣ ደብተሬ።

ውድድሩ ነገ ነው የሚጀምረው። ሦስት ቀን። ሐሙስ አጭር፣ ዐባይ ዳር፣ እያንዳንዱ ለብቻው በሰዓት። ዓርብ ረጅሙ፣ ከከተማ በስተደቡብ ጀበል አውሊያ ደርሶ መልስ። ቅዳሜ እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር ውስጥ ዙር። ቅዳሜን ነው የምጠብቀው፤ እማዬ በምትሠራበት ቪላ በር ላይ እናልፋለን።

እማዬ እዚያ ቤት ስትገባ እኔ ልጅ ነበርኩ። አሁን ሰዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ጅዳ ሊሄዱ ነው፣ እሷንም ይዘው። እሑድ ጎህ ሲቀድ ትበራለች። ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ስወዳደር አንድም ቀን አይታኝ አታውቅም። የእረፍቷ ቀን ዓርብ ነው፣ ዓርብ ደግሞ እኛ ሁልጊዜ ከከተማ ውጭ ነን። ነገሩም አይጥማትም። ሰው የተነሳበት ቦታ ለመመለስ እንዴት ይህን ያህል ይለፋል ትላለች። እሷ ከወሎ ስትነሳ መመለሻውን አላሰበችም፣ እውነቷን ነው።

ዛሬ ግን በሩ ላይ ሳገኛት ራሷ ጠየቀችኝ፤ በምን እለይሃለሁ? ዓይኗ ከሩቅ አይለይላትም። ሁላችንም አንድ ማሊያ፣ አንድ ቆብ፣ ጥቁር መነጽር። ከአረንጓዴ ሻሿ ጫፉን ቀደደችና የፊተኛው ቸርኬዬ እምብርት ላይ ጠመጠመችው። ሲሽከረከር አረንጓዴ ቀለበት ይሠራል። ቢስሚላህ፣ እንትፍ እንትፍ፣ ቋጠረች። ቋጠሮዋን ታውቂዋለሽ፣ ጆንያ የምትቋጥር ነው የሚመስላት።

በቃ። ማሸነፍ አይደለም የምፈልገው። ቅዳሜ በዚያ በር ላይ ማለፍ ብቻ።

ሐሙስ፣ ምሽት

ዑስማን ሦስተኛ ወጣ፣ በጥቂት ሰከንድ ተበልጦ። እኔ መሃል ላይ የሆነ ቦታ። ስንተኛ እንደሆንኩ ማንም አልጠየቀም፣ እኔም አልፈለግኩትም።

ዑ. የቡድናችን ዋና ነው፣ የኦምዱርማን ልጅ። እኔ ሠራተኛው ነኝ። በዚህ ጨዋታ አንድ ሰው ያሸንፋል፣ ሌሎቻችን ከፊቱ ሆነን ንፋስ እንሰብርለታለን፣ ውሃ እናቀብለዋለን። አያስከፋኝም። የእማዬ ልጅ ነኝ፣ ለሰው ማቀበል በደሜ አለ።

ካብተን፣ አሰልጣኛችን፣ ጨርቄን አይቶ የሰርግ ግመል ነው እንዴ የምትነዳው አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ፍታው አለ። እሺ ብዬ አልፈታሁም።

ስለ ነገው አንድ ነገር ደጋግሞ ተናገረ። ከአንደኛው እጅግ የራቀ፣ ወይም ሎሪው ላይ የወጣ፣ ቅዳሜ አይነሳም። ሎሪው ከኋላ እየተከተለ የደከመውን የሚለቅመው ነው። ሲናገር እኔን ያየ መሰለኝ። ምንም አይደለም። እግሬ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ዓርብ፣ ጠዋት

ሰሜኑ ንፋስ ሌሊቱን ሙሉ መስኮት ሲመታ አደረ። አቧራ። ስንሄድ ከጀርባ ይገፋናል፣ ስንመለስ ፊታችንን ይገርፈናል። ቋጠሮውን ነካሁት፣ ጥብቅ ነው። 

ዓርብ፣ ምሽት

አለቀ። ቅዳሜ የለኝም።

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ስንሄድ ጥሩ ነበር። እንዲህ ጥሩ ሆኜ አላውቅም። ዑ. ከኋላዬ፣ እኔ ከፊቱ። ጀበል አውሊያ ዞረን ንፋሱ ፊታችን ላይ መጣ፣ ሰው እንደ ቆሎ ተበተነ። ከፊት የቀረነው ጥቂት ነን። እኔም አለሁ፣ አስቢው። በልቤ የቅዳሜውን በር እያየሁ እነዳለሁ።

አስፋልቱ ላይ ጉድጓድ ነበር። እኔ ዘለልኩት፣ ዑ. አላየውም። ዞር ስል የፊት ቸርኬው ተጣሟል። የቡድኑ መኪና የለም፣ አቧራው ውስጥ ከኋላ ቀርቷል።

እንዲህ ሲሆን ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሠራተኛው ቸርኬውን ይሰጣል። ሕግ ሆኖ የተጻፈ አይደለም፣ ግን ማንም አይስተውም። እግሬ ከመቆሙ እጄ ቸርኬዬን መፍታት ጀምሯል። አውጥቼ ከያዝኩት በኋላ ነው ጨርቁ ትዝ ያለኝ። ቋጠሮውን በጥፍሬ ያዝኩት። ጎተትኩት። በጥርሴ ሞከርኩ። ዑ. አንድ እግሩን መሬት አድርጎ ያላ ያላ፣ ሰይድ ይለኛል። ቁጣ አይደለም፣ ልመና ነው። የሚቀድሙት ሰዎች በአቧራው ውስጥ እየጠፉበት ነው።

ሰጠሁት። ገጠምኩለት። ከኋላ ገፋሁት። አረንጓዴው ቀለበት ሄደ።

አንድ እግር ጫማ ይዞ እንደቀረ ሰው ቆሜ ቀረሁ። መኪናው ሲደርስ መለዋወጫ ቸርኬ የለውም፣ ከኋላ ለወደቀው ልጃችን ሰጥተውታል። ካብተን በመስኮት ጀግና ነህ ብሎኝ ወደ ዑ. በረረ። ብስክሌቴን በኋላ ጎማው ብቻ እየገፋሁ በእግሬ ሄድኩ። ምን ይደረግ? ጅል ነኝ፣ ካርቱም በእግር የምደርስ ይመስል። ሎሪው መጥቶ አጠገቤ ቀስ አለ። ሾፌሩ ጠበቀኝ። ወጣሁ።

ዑ. አንደኛ ወጣ። የመሪውን ማሊያ አለበሱት። እያለቀሰ አቀፈኝ፣ ወላሂ ያንተ ነው አለኝ። ቸርኬዬን መልስልኝ አልኩ፣ ካልሆነ ጨርቁን ብቻ ቆርጠን እንውሰድ። ትናንት ግመል ያለኝ ካብተን ዛሬ ያሸነፈ ቸርኬ አይነካም ብሎ ከፊቴ ቆመ። ዑ. ራሱ ጨርቁን በመዳፉ ሸፈነው፤ በረካ አለው፣ እባክህ አትንካብኝ። ለምን እንደፈለግኩት አልነገርኳቸውም። ለነገሩ ብቆርጠውስ? እማዬ አረንጓዴውን ካጣች ልጄ ምን ሆነ ብላ ትሞታለች። ካገኘችው ለሰው ልጅ እልል ትላለች። የቱ ይሻላል? አንቺም አታውቂም።

ከዚያ ሪያድ ሄድኩ። የቪላው ዘበኛ ዐም ኢድሪስ፣ አጎት ኢድሪስ እንደማለት፣ በሩ ላይ ነው። ግቢው መኪና በመኪና፣ የስንብት ግብዣ አለ፤ የእረፍት ቀኗን ወስዶባታል። እናትህ ማድ ቤት ናት፣ ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም፣ የምነግርልህ ነገር አለ? አለኝ። ነገ እኮ ሁላችንም እንወጣለን አለ ቀጥሎ፣ እናትህ በመንገዱ ያሉትን የቤት ሠራተኞች በሙሉ ጠርታለች። ሰላም በልልኝ ብዬ ተመለስኩ። እርግማን ነው።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

በጠዋት ሄድኩ። ቀድሜ አግኝቻት ልነግራት። ፖሊሶች መንገዱን በገመድ ዘግተዋል፣ መሻገር የለም አሉ። ከበሩ ማዶ፣ የኒም ዛፍ ሥር ቆምኩ። በሥራ ልብሴ።

ወጣች። የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች። የቀረውን አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። ከሷ ጋር ከየቤቱ የወጡ የሐበሻ ሴቶች፣ አንዳንዷ እጇ ላይ ሊጥ አለ። ዐም ኢድሪስ ወንበር አወጣላት፣ አልተቀመጠችም።

መጡ። ዑ. ከፊት። ቀለበቱ ከሩቅ ይታያል፣ ለእሷም ሳይቀር። እልልታዋ መንገዱን ሞላው። «አይዞህ ልጄ! አይዞህ የኔ ዓለም!»

እኔ እዚህ ነኝ። እዚህ፣ ማዶ።

በሁለተኛው ዙር ሴቶቹም አብረው እልል አሉ። ቀጥሎ ፖሊሱ ገመዱን አላልቶ ሰው ሲያሻግር አየሁ። መሻገር እችል ነበር። ገመድ ገመድ የምልሽ ሰበብ ነው። ፊቷን አይቼ እግሬ እምቢ አለ። እንዲህ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም፣ ሀያ ዓመት ሙሉ። ማን ይነጥቃታል? እኔ?

ወደ መጨረሻው ላይ ዑ. በድካም ሞቷል፣ ከትከሻው ይታወቃል። ሁለት ሰዎች ሊያልፉት ነው። በሩ ጋ ሲደርስ እሷ ጮኸች፣ እሱ ቀና አለ፤ አንድ እጁን አነሳላት። ከዚያ ነው መሰለኝ ነፍስ የዘራው። እሷ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። እኔ ዛፉን ያዝኩ። ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ ቀናሁ።

የመሪውን ማሊያ አስጠብቆ ጨረሰ፤ ውድድሩ የእሱ ሆነ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ሄድኩ። በሩ ላይ አሠሪዎቿ አንድ አፍታ ብቻ ሰጧት፣ ሻንጣ አልተዘጋም። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። የሥራ ልብሴን አየች። እኔ ሳልመልስ ራሷ መለሰችው፤ ልብስህን ቀይረህ፣ ታጥበህ መጣህ፣ ጎበዝ። ከዚያ ዓይኗ ሞላ።

«እጅህን ስታነሳልኝ አየሁ፣ ሰይዶ» አለችኝ። «አሁን ብሄድም አይቆጨኝም።»

አዎ አልኳት። ሻሿን ፈትታ የቀረውን ሰጠችኝ፣ ለኋለኛው ቸርኬ። ከውስጥ ጠሯት። ሄደች።

ሆድ ይፍጀው ይላሉ። ሆድ የማይፈጀውም አለ።

እሑድ፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ፣ መጠገኛው ሱቅ ውስጥ

በርራለች። ከጅዳ በሱቁ ስልክ ትደውላለች፣ ከሰዓት ኢንሻላህ። ሥራ የለም። ተቀምጬ ስልኩን አያለሁ።

ዑ. መጣ። ቸርኬዬን እስኪያብለጨልጭ አጥቦ በአንድ እጁ ይዟል። በሌላ እጁ አንድ ኪሎ ተምር። ተምሩ ላንተ አይደለም አለኝ እየሳቀ። ሪያድ ውስጥ አንዲት ሐበሻ ሴትዮ አሉ፣ በየዙሩ እልል አሉልኝ። እግሬ ሲያልቅ ያን በር ብቻ እጠብቅ ነበር። አንተ የሐበሻ ልጅ ነህ፣ ቤቱን ታውቀው ይሆናል፣ ሄደን እናመስግናቸው። ቆይ፣ ይሉኝ የነበረውስ ምን ማለት ነው?

ተረጎምኩለት። አይዞህን በዐረብኛ በትክክል አላገኘሁለትም፣ እንዲሁ ዞር ዞር አልኩበት። ልጄ ያለችው ግን ያው ነው፣ ወለዲ።

ደስ አለው። ከዚያ ዓይኑ መሥሪያው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ሻሹ እዚያ ነበር፣ እንዳጠፈችው። አየው። ቸርኬው እምብርት ላይ ያለውን አየ። መልሶ ሻሹን። ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ።

አላስተባበልኩም። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ፣ ተምሩን ጭኑ ላይ አድርጎ። ዓርብ ማታ ለምን አልነገርከኝም አለኝ። ብነግርህስ? አልኩት። ጨርቁን ሊፈታልኝ ቋጠሮውን ያዘ፣ እንደኔው አቃተው። ቢላ አለህ አለኝ። አይቆረጥም አልኩት።

ዛሬ እንደምትደውል ስነግረው፣ ምን እንበላት? አለ። እንበላት። ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

እውነቱን እነግራታለሁ። ወስኛለሁ። ይህችን መስመር ሰርዤ ነበር፣ መልሼ ጻፍኳት። እነግራታለሁ፣ አጠገቤ ዑ. እያለ፣ ድምፁንም አሰማታለሁ። ወይስ ዝም ብዬ አዎ፣ እኔ ነበርኩ ልበላት

ስልኩ ጮኸ። ዑ. ተነስቶ ቆሟል፣ እኔን ነው የሚያየው። እጄ ስልኩ ላይ ነው፣ እስክሪብቶውን ላስቀምጥ።