የአባታችን ራዲዮ ከጥሊሊ መጣ

ለእታለም ዘውድነሽ አድማሴ
አርባ ምንጭ

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ መውጣት የከለከለሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም በከዘራ ነሽ? ባለቤትሽን አቶ አሳምነውን ወባው ለቀቀው? ልጆችሽ ሜላትና ዮዲትስ ትምህርት እንዴት ይዟቸዋል? እናታችን «ያ ሙቀት ለእኛ ሰው አይሆንም» እያለች ሁልጊዜ ታነሣሻለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እሷም ከዓይኗ በቀር ምንም አልሆነችም። ዝናቡ ዘንድሮ እስከ ጥቅምት አልለቀቀንም፤ ድንቹ ግን ተርፏል። የእንጅባራን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ አልነግርሽም።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ባይቆራረጥም የአባታችንን ስም ስጠራ ትዘጊብኛለሽ። ለገና እመጣለሁ ስላልሽ ግን ሳትመጪ ማወቅ አለብሽ።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ልንገርሽ። ልብስ መስፋቱን አልተውኩም። ከመስፊያዬ አጠገብ ሱቅ ያላቸውን ሐጂ አብዱልሀፊዝን፣ ራዲዮ ጠጋኙን፣ ታስታውሻቸዋለሽ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ አምና አንድ ቀን «ነይ እስቲ ልጄ፣ ይችን መበየጃ ያዥልኝ፤ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባ እጅ ይህ አያቅተውም» አሉኝ። ያዝኩላቸው። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ተቀምጠው ይነግሩኛል፣ እኔ እበይዳለሁ። የአሁኑን ትንንሽ ራዲዮ ሰው ሲበላሽበት ይጥለዋል እንጂ አያሠራውም። ወደ እኛ የሚመጣው የድሮው ነው፤ ሣጥኑ እንጨት፣ ውስጡ ትንንሽ ጠርሙስ የሚመስሉ አምፖሎች የተተከሉበት፣ ሲከፍቱት እስኪሞቅ ድረስ ድምፅ የማይሰጠው። አምፖሎቹን ቫልቭ ይሏቸዋል።

ገና ጀማሪ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ራዲዮውን ከሶኬት ነቅዬ፣ ከተነቀለ ወዲያ ምን ያደርገኛል ብዬ እጄን ብከት እስከ ትከሻዬ መታኝና ከነወንበሬ ወደቅሁ። ለካ ካፓሲተር የሚሉት ነገር ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪኩን ይዞ ይቆያል። ሐጂ አልተቆጡም። አንሥተው አስቀመጡኝና «አንድ እጅሽን ከኋላሽ አድርጊ፤ ሁለቱንም ከከተትሽ በልብሽ በኩል ያልፋል» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ግራ እጄን ከኋላዬ መቀነቴ ላይ አድርጌ ነው የምነካካው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱን ዕቃ ገልብጬ በይጄው ጭስ በጭስ አደረግሁት። ሐጂ በሳቅ ሞቱ።

በነሐሴ፣ ዝናቡ መንገዱን ይዞት ሳለ፣ አንድ ሰው በማዳበሪያ የተጠቀለለ ትልቅ ራዲዮ ታቅፎ ከጥሊሊ ሚኒባስ ወረደና ወደ ሱቁ ገባ። ልብሱ በስብሷል፣ ራዲዮው ደረቅ ነው። ወረቀት ልለጥፍበት ስሙን ጠየቅሁት። «ይሄነው አድማሴ» አለኝ። የትኛው አድማሴ አልኩት። «መንገድ ሥራ የነበረው፣ ዳንግላ ይኖር የነበረው። አባቴ ነው። ነፍሱን ይማረው፣ ራዲዮውም የእሱ ነበር» አለ።

እታለም፣ ወረቀቱን ጽፌ ለጠፍኩ፤ ለመስቀል ሰሞን ና አልኩትና ሄደ። ማን መሆኔን አላወቀም። ሐጂ ሁሉንም ሰምተዋል። አባታችንንም ያውቁት ነበር። «ካልፈለግሽ እመልስለታለሁ፤ ዕቃ የለንም እለዋለሁ» አሉኝ። እኔ ግን እሠራዋለሁ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት ከፍቼ ማየት ፈልጌ ይሆናል።

ስከፍተው አይጥ ወልዳበት ኖሯል። የድምፅ ማጉያውን ጨርቅ በልታዋለች፣ ሽቦውንም እዚህም እዚያም ቆርጥማዋለች። ካፓሲተሮቹ የተሸፈኑበት ሰም ቀልጦ ፈሷል። አንዱ ቫልቭ ሞቷል፤ ሐጂ ካስቀመጧቸው የሞቱ ራዲዮዎች ከአንዱ ነቅለን ተካንለት። ጨርቁን እኔው ከሱሪ ገበር ቆርጬ ወጠርኩት። መብራት ስንሰጠውም በቀጥታ አልሰጠነውም። በመሀል አንድ የቤት አምፖል ቀጥለን በእሱ በኩል አሳለፍንለት፤ ችግር ካለ አምፖሉ ይቦገጋል እንጂ ራዲዮው አይቃጠልም። አምፖሉ ፈዝዞ ቀረ፣ ቫልቮቹም ቀስ እያሉ ቀሉ። ከዚያ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ፣ ሌላ አልወጣውም። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ሣጥኑን በእርሳስ ቆርቆር እያደረጉ ሲያዳምጡ ቆዩና «ያንቺ ብየዳ ነው፤ ሳይግል ነው የለጠፍሽው» አሉኝ። ደግሜ በየድኩት። ከውስጡ ሰው ተናገረ።

ለእናታችን የነገርኳት በዚያው ቀን ነው። ትታመምብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ፈትሉን አስቀመጠችና «ያ ራዲዮ እኮ የእኔ ነው፤ አባቴ የሰጠኝን ጊደር ሸጬ ነው የገዛሁት» አለች። ይህን ታውቂ ነበር? እኔ ያን ቀን ገና ሰማሁ። «ሰውየውስ ይሂድ፣ እግር አለው። ጊደሬን ምን ብሎ ይዞ ይሄዳል?» አለች። ፈትሏንም መልሳ አነሣች።

ይሄነው ሊወስደው ሲመጣ ራዲዮው እየተናገረ ነበር። ተደስቶ እጁን ሊዘረጋ ሲል «እኔ ማናለብሽ አድማሴ ነኝ፤ የዳንግላዪቱ ሚስቱ ልጅ» አልኩት። የራዲዮውን ድምፅ ዝቅ አደረገና መስፊያ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። «አባዬ እህቶች አሏችሁ ይለን ነበር። የእኛ እናት ባለችበት ግን ስማችሁን አይጠራም» አለኝ። ስለ ጊደሯ ነገርኩት። ይከራከረኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «የእሳቸው ከሆነ እኔው ተሸክሜ አደርስላቸዋለሁ» አለና ባጃጅ ጠራ። ራዲዮውን ጭኑ ላይ ታቅፎ ቤት ደረስን።

እናታችን ቁጭ እንዳለች ሣጥኑን በእጇ ዳሰሰችው። መዘውሩ ላይ ስትደርስ «ይህ የራዲዮው አይደለም» አለች። ይሄነውም «ጠፍቶ ነው እማማ፤ በጠርሙስ ክዳን ተክተነው ነው» አላት። ክፈቱት አለች፣ ከፈትነው። ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ «አባትህ ሲሞት ተሠቃየ?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ሳይቀንስ ሳይጨምር ነገራት፤ ወራት ተኝቶ እንደ ቆየ፣ በመጨረሻ ሰው መለየት እንዳቃተው፣ የሚጠራውም ስም ያንቺ እንደ ነበር። አዎ፣ ያንቺን። የይሄነውን እናት ዘውድነሽ ይላት ነበር አሉ፤ እሷም ዝም ብላ አቤት ትለው ነበር።

እናታችን ይህን ሁሉ ሰምታ «በል አጥፋው፣ ቤቱን አሞቀው» አለች። ሊሄድ ሲነሣም «ያዘው፤ እኔ በካርድ የምትሠራ ትንሽ አለችኝ፣ እሷ ትበቃኛለች። ለበዓል ለበዓል ግን ይዘኸው ና» አለችው። ለገና ሚስቱን ሸጋንም ይዞ ሊመጣ ቃል ገብቷል።

አሁን የእኔን ስሜት ብትጠይቂኝ እምብዛም የለኝም። አባታችን ጥሎን ሲሄድ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ፊቱንም አላስታውስ። አንቺ ግን ዐሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፣ ራዲዮውን መኪና ላይ ሲጭን በር ላይ ቆመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ቻይው አልልሽም፣ ተይውም አልልሽም። ሳታውቂ መጥተሽ ይሄነውን ከቤት እንዳታገኚው ብቻ ነው። ከእሱ ጋር አልቀመጥም ካልሽ ጻፊልኝ፤ ለጥምቀት ይምጣ እለዋለሁ። ለእናታችን የምለውን እኔ አላጣም።

አቶ አሳምነውን በጣም አድርገሽ ሳሚልኝ። ሜላትን ጉንጯን፣ ዮዲትን ግንባሯን። እናታችን በሁለት እጇ አቅፋሻለች፤ ጉልበትሽን በሞቀ ጨው ያዢው ብላለች። ሐጂ አብዱልሀፊዝም ለዚያች ቁጡ ልጅ ሰላምታ ይድረሳት ብለዋል።

ይሄነው ዛሬ ለገበያ መጥቶ ስጽፍ አገኘኝ። ለእትዬ ሰላም በይልኝ አለኝ። ራስህ በላት ብዬ እስክሪብቶውን ሰጠሁት። ብዙ አስቦ ከታች ያለውን ብቻ ጻፈ።

እትዬ ዘውድነሽ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይሄነው አድማሴ።

እህትሽ ማናለብሽ አድማሴ
እንጅባራ፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.