በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከበሮ የተማሩት የወይዘሮ ሾሻማ ኢትየራ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሾሻማ ኢትየራ ከአባታቸው ከአቶ ኢትየራ ማታይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራሄላማ፣ በሕንድ አገር በኬረላ፣ በኩታናድ የውኃ አገር፣ ፑሊምካራ በተባለ መንደር እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1941 ተወለዱ። ዝናቡ በገባ በሦስተኛው ቀን ስለነበር፣ በታንኳ የመጣችው አዋላጅ መመለሻ አጥታ አንድ ሳምንት ሙሉ እዚያው እንደ ሰነበተች እናታቸው ያወሩ ነበር። ከስድስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። አባታቸው ሩዝ አምራች ገበሬ ሲሆኑ፣ እርሻቸው ከወንዙ ዝቅ ያለ ስለነበር ግማሽ ዕድሜያቸውን ግድብ ሲደፍኑ ኖረዋል።

ወይዘሮ ሾሻማ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ በየቀኑ በጀልባ እየተመላለሱ በአላፑዛ ከተማ በ1958 አጠናቀቁ። ከዚያም የቴሌግራፍ ሥልጠና ወስደው በ1962 በአላፑዛ ቴሌግራፍ ቤት ተቀጠሩ። የነጥቡንና የሰረዙን ምት እያዳመጡ ወደ ፊደል በመመለስ እስከ ጡረታቸው እስከ 2001 ድረስ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል። የሥራ ባልደረቦቻቸው ስለ እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ ሾሻማ ስትሰማ አትሳሳትም።

በ1966 ከመምህር ቼርያን ኩሩቪላ ጋር በፑሊምካራ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ወንድ ልጃቸውን ኢያፐንን በ1968፣ ሴት ልጃቸውን ሌኒን በ1971 ወለዱ። መምህር ቼርያን የሒሳብ መምህርና ጨዋታ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ የሚያወሩት እሳቸው፣ ሻይ የሚያቀርቡት ወይዘሮ ሾሻማ ነበሩ። አንድ እንግዳ ለሦስተኛ ጊዜ ከመጣ በኋላ «ባለቤትዎ ቋንቋችንን አይሰሙም እንዴ?» ብሎ መጠየቁ በቤተሰቡ ውስጥ እስከ ዛሬ ያስቃል። አንዳንዶቻችንን ግን አሁን ማሳቁን ትቷል።

በ1974 የደረሰባቸውን እዚህ ላይ መጻፍ ግድ ይላል። ታናሽ ወንድማቸው ቻኮ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን መንደር ትቶ በቦምቤይ ወደብ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወይዘሮ ሾሻማ በመሣሪያው ፊት ተቀምጠው ሳለ ቴሌግራም መግባት ጀመረ። በቴሌግራም መጀመሪያ የሚመጣው የተቀባዩ ስም ነው። የገባው ስም የአባታቸው ነበር። ቀጥሎ የመጣውን ፊደል በፊደል እየሰሙ ጻፉት፦ ቻኮ በሥራ ላይ ሳለ አደጋ ደርሶበት አርፏል። አጠገባቸው የቆሙት አለቃቸው ነገሩ ስለ ገባቸው «ልጄ፣ ተነሺ፣ ሌላ ሰው ይጻፈው» አሏቸው። ወይዘሮ ሾሻማም «ጀምሬዋለሁ፣ ልጨርሰው» ብለው እስከ መጨረሻው ፊደል ጻፉት። ከዚያም ራሳቸው በጀልባ ይዘውት ሄደው ለአባታቸው ሰጡ። ቴሌግራሙን የተቀበለችው እጅ የማን እንደ ነበረች ግን ለአባታቸውም፣ ለባላቸውም፣ ለልጆቻቸውም አልተናገሩም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ያች የቻኮ ሕፃን ናት። ይህንንም የሰማችው ካለፈ ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ከሌላ ሰው አፍ ነው።

መምህር ቼርያን በ2011 ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ፣ ወይዘሮ ሾሻማ አራት ዓመት አጥበውና አጉርሰው፣ በ2015 ቀበሯቸው። ከዚያ በኋላ በውኃው ዳር ባለው ቤት ብቻቸውን ኖሩ። በ2018 ታላቁ ጎርፍ ሲመጣ ፎቁ ላይ ሁለት ቀን በውኃ ተከበው ቆይተው ዓሣ አጥማጆች በጀልባ አወጧቸው። ልጃቸው ኢያፐን በኮንትራት ከሚሠራበት ከዓረብ አገር፣ ከሙስካት ሆኖ ሁለቱን ቀን ስልክ ሲደውል ነበር የዋለው። ይህ ያስደነገጠው ልጅ በ2019 ፌብሩዋሪ ላይ በቶዱፑዛ ኮረብታ፣ ማራታናል ወደሚባለው የጡረተኞች መንደር አስገባቸው። «ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ እማዬ። ኮንትራቴ ሲያልቅ እመጣለሁ፣ አብረን እንኖራለን» አላቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። እሺ ማለት ለምደዋል።

በማራታናል ሰባት ወር ሻንጣቸውን አልፈቱም። የሚለብሱትን ያወጣሉ፣ አጥበው መልሰው እዚያው ያስገባሉ። ምግባቸውን ክፍላቸው ውስጥ ይበላሉ። አስታማሚዋ ወደ አዳራሹ ስትጠራቸው «እኔ እኮ እንግዳ ነኝ፣ ልጄ ሊመጣ ነው» ይላሉ። ኋላ ግን ኮንትራቱ ተራዘመ። እንደገናም ተራዘመ።

በሰባተኛው ወር በራቸውን ያንኳኩት፣ ይልቁንም የደበደቡት፣ ከፊት ለፊታቸው የሚኖሩት ወይዘሪት ካርትያያኒ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህርት፣ ትዳር ሳይዙ ሠላሳ አራት ዓመት የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ፊሽካ ሲነፉ የኖሩ ሰው ናቸው።

«እመቤቴ፣ ሰባት ወር በር ዘግተው ምን እየሠሩ ነው? ሐሰተኛ ብር እያተሙ ነው?»

«ልጄን እየጠበቅኩ ነው።»

«መልካም። ተቀምጦ መጠበቅም፣ እየተራመዱ መጠበቅም እኩል ነው የሚቆጠረው። ጫማዎን ያድርጉ።»

ወይዘሮ ሾሻማ ጫማቸውን አደረጉ። እምቢ ማለት ስለማያውቁ እንጂ ፈልገው እንዳልነበር በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። መጀመሪያ ዮጋ ገቡ፤ በጀርባ ተኝቶ የሚተነፈስበት ክፍል ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው አንኮራፉ። ቀጥሎ የሥዕል ክፍል ሄዱ። ላም ሳሉ።

ወይዘሪት ካርትያያኒ ሥዕሉን አዙረው አዙረው አዩና «ይቺ ሻንጣ ናት?» አሉ።

«ላም ናት።»

«እጀታ አላት እኮ!»

«ቀንድ ነው፣ ዓይንሽ ይጥፋ!»

ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ሾሻማ ሲስቁ የሰማቻቸው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ነበር አስታማሚዋ ትናገራለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል አንቱ መባባል ቀረ፤ አንቺ ሆኑ። ወይዘሮ ሾሻማ ያን ከሰዓት በኋላ ክፍላቸው ገብተው ልብሳቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀሉ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቫሱ የሚባል የቼንዳ ከበሮ መምህር ወደ ማራታናል መጣ። ቼንዳ ከትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ በዱላ የሚመታ ከባድ ከበሮ ነው፤ በሂንዱዎች ቤተ መቅደስም በቤተ ክርስቲያኑም በዓል አደባባዩን የሚያናውጠው እሱ ነው። አሮጊት ስትመታው ግን ማንም አላየም። ሐኪሙ ክብደቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ በርጩማ ላይ ይቀመጥ ተባለና ተፈቀደ። መምህር ቫሱም ቢሆን ከበሮውን ወዲያው አልሰጣቸውም። ድንጋይና ከሮቃ እንጨት የተጠረበ ዱላ ሰጥቶ «ክንዳችሁ እስኪፈታ ድንጋይ ምቱ» አላቸው። ሁለቱን ወዳጆች ጨምሮ አሥራ አንድ ሆነው ጀመሩ። በወሩ የቀሩት አምስት ብቻ ነበሩ። ወይዘሪት ካርትያያኒ ጉልበት እንጂ ምት አልነበራቸውም፤ ወይዘሮ ሾሻማ ግን አንድ ጊዜ የሰሙትን ምት አይስቱትም ነበር። መምህር ቫሱ በአገሩ ቋንቋ እናቴ ለማለት «አማቺ» ብሎ ጠርቷቸው «ይህን ከየት ተማሩት?» ሲላቸው «ከመንግሥት ሥራ» አሉት።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ የማራታናል በር ሲዘጋና ሁሉም በየቤቱ እንዲቀመጥ ሲታዘዝ፣ ሁለቱ ወዳጆች በየበረንዳቸው ድንጋያቸውን ይዘው ተቀመጡ። መንገዱን አሻግረው አንዷ ትመታለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። በዚያ መንደር ሰው መኖሩ የሚታወቀው በዚያ ድምፅ ነበር ይላሉ የነበሩት። በ2021 የቻኮ ሙት ዓመት በዋለበት ቀን ወይዘሮ ሾሻማ መምታቱን አቁመው መንገዱን ተሻግረው ስለ ቴሌግራሙ ለወዳጃቸው ነገሯቸው። ወይዘሪት ካርትያያኒም እጃቸውን ይዘው «ለዚያች ልጅ ንገሪያት፤ አባቷ ነው» አሏቸው። «አልችልም» አሉ ወይዘሮ ሾሻማ። «እንግዲያው እኔ እነግራታለሁ።» እንዳሉትም አደረጉ።

በ2022 የፑሊምካራ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለሜይ ወር በዓሉ የማራታናልን ከበሮ መቺዎች ጋበዘ። ወይዘሮ ሾሻማ በተጠመቁበትና በተዳሩበት ግቢ ማለት ነው። ልጃቸው ኢያፐን በዚያው ሰሞን ለፈቃድ መጥቶ ነበርና ነገሩን ሲሰማ ደነገጠ።

«እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ በአገር ሰው ፊት ከበሮ? ልጆቿ ጥለዋት ነው ለእንጀራዋ የምትመታው ይሉናል።»

«ኢያፐን» አሉት፣ «ሰው የሚለውን ስሰማ ሰማንያ ዓመት ሆነኝ። እኔ የምለውን ደግሞ አንድ ቀን ይስሙ። ከፊት ወንበር አስይዤልሃለሁ።»

በዓሉ ደረሰ። አምስቱ አረጋውያን ነጭ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ሙሉ መቱ። ቄሱ ቆመው አጨበጨቡ፤ ከተጋባዦቹ መካከል ያለቀሱም ነበሩ። ከፊት ያለው አንድ ወንበር ግን ባዶውን ዋለ። ኢያፐን ከቦዩ ማዶ ከአጎቱ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ ውኃ ድምፅ ያሻግራልና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቶታል። በሳምንቱ ወደ ሙስካት ተመልሶ ሲደውል የጠየቃቸው ስለ ደም ግፊታቸው ብቻ ነው። እሳቸውም ስለ ወንበሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ይህ እንዲጻፍና በሁሉ ፊት እንዲነበብ የጠየቀው ራሱ ኢያፐን ነው።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ወይዘሪት ካርትያያኒ በልምምድ መካከል ዱላቸውን አስቀምጠው «እዚህ ምን ልሠራ ነው የመጣሁት?» ብለው ጠየቁ። ቀልድ መስሏቸው ሁሉም ሳቁ። ቀልድ አልነበረም። በ2023 ማርች ላይ የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሕሙማን ወደ ተዘጋጀው ክፍል ተዛወሩ። ወይዘሮ ሾሻማም ከቡድኑ ወጡ። መምህር ቫሱ ቢለምናቸው «እኔ የምመታው ለሚመልስልኝ ነው» አሉት። በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ድንጋዩንና ሁለት ጥንድ ዱላ በዘንቢል ይዘው ወደ ሕሙማኑ ክፍል ይሄዱ ነበር።

ወይዘሪት ካርትያያኒ በየቀኑ «ማን ነሽ?» ይሏቸዋል።

«አዲስ የመጣሁ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ትቆሚያለሽ? ነይ፣ እኔ ጋ ተቀመጪ። እዚህ ብቻሽን አትሆኚም።»

ተቀምጠው ይመታሉ። የወይዘሪት ካርትያያኒ ልብ የረሳውን እጃቸው አልረሳም ነበር። ሲለያዩም «ነገ ትመጫለሽ?» ይላሉ፤ ነገ ግን ያው «ማን ነሽ?» ነው። ሁለት ዓመት ከአራት ወር እንዲህ ሆነ። ልጃቸው ሌኒ ከደብሊን መጥታ ይህን አይታ «እማዬ፣ በየቀኑ ስትረሳሽ አይከፋሽም?» ብትላቸው፣ «ይከፋኛል» አሉ። ቀጥለውም «ግን አንድም ቀን ሂጂ ብላኝ አታውቅም። ሳታውቀኝም ነይ ነው የምትለኝ» አሏት።

በ2024 ኖቬምበር ወር ልባቸው መድከሙ ታወቀ። ለልጆቻቸው እንዳይነገር ሐኪሙን ለምነው ነበር፤ ሐኪሙም እምቢ ብሎ ነገረ። ኢያፐን ሥራውን ለቆ በ2025 ኤፕሪል ላይ ጠቅልሎ ገባ። ሦስት ወር አብረው ኖሩ። እናቱ መራመድ ሲሳናቸው በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ በየቀኑ ወደ ወዳጃቸው የሚያደርሳቸው እሱ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ይሰማቸዋል፤ እስኪጨርሱ ድረስ አይቀመጥም።

ወይዘሮ ሾሻማ ኢትየራ ከልጆቻቸው ጋር የሩዝ ሾርባ ቀምሰው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2025 ከቀትር በኋላ በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የአራት ልጆች አያት፣ አባቷን ላላወቀች ለአንዲት የወንድም ልጅም እናት ነበሩ። ከእነዚህ ሌላ ሁለት እህቶቻቸውና ወዳጃቸው ወይዘሪት ካርትያያኒ በሕይወት አሉ።

ወይዘሪት ካርትያያኒ ዛሬ በመካከላችን ናቸው፤ ከፊት በቀኝ በኩል ከአስታማሚያቸው ጋር ተቀምጠዋል። ትናንት ሦስት ጊዜ ነገርናቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደ አዲስ አለቀሱ፤ ሦስቱንም ጊዜ ረሱት። ስለዚህ አጠገባቸው ያላችሁትን ሁሉ ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናችኋል። ቀብሩ የማን እንደ ሆነ ቢጠይቋችሁ የእናታችንን ስም አትጥሩባቸው። የአንዲት ደግ ሰው ነው በሏቸው፤ እጃቸውንም ያዙ።

በሚናገርም በማይናገርም ልብ ያለውን የሚሰማ አምላክ የእናታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ መካከል ያኑርልን፤ ለቀረነውም፣ ለሚያስታውሰውም ለማያስታውሰውም፣ መጽናናትን ይስጠን። አሜን።