ልጃቸውን በእግራቸው ሄደው የዳሩት የአቶ ማዘንጊያ ተገኘ የሕይወት ታሪክ

አቶ ማዘንጊያ ተገኘ ከአባታቸው ከአቶ ተገኘ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋአለም ካሴ በቀድሞው ጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በጭልጋ አውራጃ በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱ ዕለት የጣለው ዝናብ እስከ ዛሬ አልተደገመም ይባላል፤ የዓይን ምስክር ባይገኝም ቤተሰቡ ያምንበታል። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአይከል ከተማ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ያኔ ስድስተኛ ክፍል ማለት የዛሬ ዲግሪ ነው፤ ሁለተኛ ሲወጡም ያየ የለም።

በ1970 ዓ.ም. በመተማ አድርገው ሱዳን ገቡ። ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ አጨዱ፤ ቀጥሎ ካርቱም መጥተው ከጋራዥ ረዳትነት ተነሥተው ሾፌር ሆኑ። በመጨረሻም የራሳቸውን አምጃድ የተባለች ትንሽ ሚኒባስ ገዝተው ከካላክላ መሀል ከተማ ሕዝብ ሲያመላልሱ ኖሩ። የመንገዱ ትራፊኮች በሙሉ በስማቸው ይጠሯቸው ነበር። በሥራ ዘመናቸው አንድም ቀን አላጋጩም፤ ኦምዱርማን ላይ ከአህያ ጋሪ ጋር የተነካኩት ጥፋቱ የአህያው ነው።

በ1984 ዓ.ም. የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚልዮን እኅት ከሆነችው ከወይዘሮ ዝናሽ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳሰሩ። እኅታችን ግማሽ ካርቱም የጠየቃት ሴት ብትሆንም የመረጠችው እሳቸውን ነው። አንዱዓለምንና ገሊላንም ወለዱ።

በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ ተሳፋሪ ጭነው ካርቱም ሁለት ወደሚባለው ሰፈር ሲሄዱ ደረታቸውን ያዛቸው። መኪናዋን ጥግ አስይዘው፣ የእጅ ፍሬን ስበው፣ ተሳፋሪዎቹን «ሌላ መኪና ያዙ» ብለው አሰናበቱና ተቀመጡ። ድንገተኛው የልብ ሕመም ቢያልፍም ልባቸው ደም መግፋት አቃተው። እግራቸው አበጠ፤ ትራስ ደራርበው ካልሆነ መተኛት፣ ሳያርፉም ከአልጋ እስከ በር መድረስ አልቻሉም። ገሊላ ደግሞ ታጭታ ነበር።

ሐኪማቸው ዶክተር በሽር አንድ አዲስ ሕክምና እንዳለ ነገሩን፦ ከዳሌ አጥንት መቅኔ ተቀድቶ፣ ሕዋሱ ተለይቶ፣ በቀጭን ቱቦ ወደ ልብ ይላካል። ገና በሙከራ ላይ ያለ ነው። እኛም እንደ ባህላችን በሽተኛው ክፉ ነገር መስማት የለበትም ብለን ሐኪሙን ኮሪደር አውጥተን «ቀላል ነው በላቸው» እያልን በዐረብኛ ለመንነው። አቶ ማዘንጊያ ካልጋቸው ሆነው፣ «ዝናሽ፣ እኔ አርባ ዓመት በዐረብኛ ስጣላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወይ በሩን ዝጉ፣ ወይ ሰውየው ይግባ» አሉ።

ሐኪሙ ገባ፤ ሳይደብቅም ነገራቸው። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ገሊላን ይዤ በእግሬ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ?»

«ወላሂ፣ አላውቅም ያ ዐሚ» አላቸው፤ አጎቴ ማለቱ ነው።

«አላውቅም የሚል ሐኪም ገና ዛሬ አገኘሁ። ያላ፣ እንጀምር» ብለው በገዛ እጃቸው ፈረሙ።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የራሱን መቅኔ ለመስጠት ከሁሉ ቀድሞ ቢቀርብም፣ የሚወሰደው ከራሳቸው እንደሆነ ተነገረው። አቶ ማዘንጊያ «ተመስገን፤ ያንተን ቢከቱልኝ ልቤም ማጋነን ትጀምር ነበር» አሉት። ሊጠይቃቸው ለመጣ ሁሉ ግን «ስኮርታ ጎማዬን ከኋላ አውርደው ከፊት ገጠሙልኝ» ይሉ ነበር።

ከወራት በኋላ ዶክተር በሽር ልባቸውን በመሣሪያ አይቶ ጥቂት መሻሻሉን ነገራቸው፤ ከመቅኔው ይሁን ከመድኃኒቱ ግን መለየት እንደማይችል አልሸሸገም። በማኅበራችን ውስጥ «የሃያ ዓመት ጎረምሳ ልብ ሆነ» ተብሎ የተወራው ከማን እንደተነሣ አይታወቅም። ብቻ እብጠቱ ጎደለ፤ እሳቸውም መጀመሪያ እስከ በር፣ ቀጥሎ እስከ ሱቅ መሄድ ቻሉ።

በ2014 ዓ.ም. ጥር የሰርጉ ዕለት የተቃውሞ ሰልፍ ነበርና ወጣቶች መንገዱን በድንጋይ ዘግተውት የሙሽራ መኪኖቹ ፋርማሲው ጥግ ላይ ቆሙ። በወንበር እንሸከማቸው ብንል እንቢ ብለው ወረዱ፤ ገሊላንም ክንዷን ያዙ። ወጣቶቹ ድንጋዩን እያነሡ «መብሩክ ያ ዐሚ» እያሉ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ብለው አሳለፏቸው። በመንገዱ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ቆም ብለው የልጃቸውን ቬሎ የሚያስተካክሉ መሰሉ፤ ቬሎው ምንም አልሆነም ነበር። ከዚያም ገቡ።

ክረምቱ ሲወጣ ልባቸው እንደገና ደከመ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ወይዘሮ ዝናሽን፣ «ታሪኬን ሚልዮን ይጻፈው፤ የጎደለውን ይሞላልኛል። የሰርጉን መንገድ ግን እንዳያስረዝምብኝ፤ ልኩ ይበቃኛል» ብለው አደራ አሉ። ኅዳር 18 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ካላክላ በሚገኘው ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንዱዓለምንና ገሊላን፣ እንዲሁም ዛሬ እዚህ የቆምነውን ሁላችንን ትተው ሄደዋል።

አደራቸው ይኸው፦ መንገዱ ከፋርማሲው ጥግ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ነው። በእግራቸው ሄዱት። ያችን አጭር መንገድ ያስጨረሳቸው አምላክ በዚህኛውም መንገድ ክንዳቸውን ይያዝ፤ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።